ዓይን ያለፈውን ካሜራ ያዘው

እ.ኤ.አ. በ1789፣ የፈረንሳይ አብዮት በፈነዳበት ዓመት፣ ጋስፓር ሞንዥ የተባለ የሒሳብ ሊቅ ፓሪስ በሚገኘው የሳይንስ አካዳሚ ለባልደረቦቹ አንድ ነገር አሳያቸው። ከመስኮቱ ማዶ ባለ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ቀይ ወረቀት አስለጥፎ ነበር። ያንን ወረቀት በቀይ መስታወት አሻግረው እንዲያዩት አደረገ። ቀይ በቀይ ሲታይ ደም መምሰል ነበረበት። ሰዎቹ ያዩት ግን የነጣ ወረቀት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሞንዥ ነገሩን ሲያስረዳ፣ ዓይን ቀለምን ለብቻው አይመዝንም አለ። ዙሪያውን አይቶ፣ ቦታውን የሞላው ብርሃን ምን ዓይነት እንደሆነ ገምቶ፣ ያንን ቀንሶ ነው የሚፈርደው። ሁሉ ነገር ከቀላ፣ ከሁሉ ደምቆ የታየው ነጭ ተብሎ ይወሰዳል። ፎቶግራፍ ለዓለም ይፋ ለመሆን ገና 50 ዓመት ይቀረው ነበር። ዛሬ ፎቶ አንሺ ሁሉ «ዋይት ባላንስ» እያለ የሚጨነቅበት ጉዳይ ግን ሙሉ በሙሉ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ማታ ቢጫ አምፖል አብርተን ስንቀመጥ እናታችን ትከሻ ላይ ያለው ነጠላ ነጭ ሆኖ ይታየናል። ነጠላው ላይ ያረፈውን ብርሃን ብርቱካንማ ማለት ይቀላል፤ ዓይናችን ግን አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። ካሜራ ማለፍ አያውቅም፤ የመጣለትን ብርሃን እንዳለ ይይዛል። ከሞንዥ ወዲህ ያለው ታሪክ ካሜራን ማለፍ የማስተማር ልፋት ነው። በየደረጃውም አንድ ሰው ተነሥቶ «ነጭ ማለት ይህ ነው» ብሎ መፍረድ ነበረበት፤ የእኔ ዓይን የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

በ1839 የፈረንሳዊው ዳጌር የፎቶግራፍ ፈጠራ ለዓለም ይፋ ሲሆን ችግሩ ገና በዚህ መልኩ አልታየም። ብር የተለበጠው ሰሌዳ የሚቀበለው ሰማያዊውን፣ ወይንጠጁን እና ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ብቻ ነበር። ቀይ ከንፈር ጥቁር፣ ሰማይ ደግሞ ባዶ ወረቀት ሆኖ ይወጣል። ሻማና ፋኖስ ደግሞ ሰማያዊ ብርሃን የላቸውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በሰው ሠራሽ ብርሃን ፎቶ ማንሳት የፈለገ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ትክክለኛው ቀለም የቱ ነው?» አልነበረም፤ «ሰማያዊ የሚሰጠኝ መብራት ከየት ላምጣ?» ነበር።

መልሱን ይዞ ከመሬት በታች የወረደው ናዳር በሚል ስም የታወቀው የፓሪስ ፎቶ አንሺ ነው። በ1861 የፓሪስን የአጽም ዋሻዎች ለማንሳት ከላይ ጎዳና ላይ የቡንሰን ባትሪዎችን ደርድሮ፣ ሽቦውን ወደ ታች ዘርግቶ፣ በሁለት የካርቦን ዘንጎች መካከል የሚንቦገቦግ የአርክ መብራት አበራ። የአርክ ብርሃን ሰማያዊ ስላለው ሰሌዳው ተቀበለው። ሆኖም አንዳንዱ ፎቶ እስከ 18 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ይህን ያህል ጊዜ ሳይነቃነቅ የሚቆም ሠራተኛ ከየት ይገኛል? ናዳር የሠራተኛ ልብስ ያለበሳቸውን አሻንጉሊቶች አቆመ። እነዚያን ፎቶዎች ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ወደዚያ አሻንጉሊት ይሄዳል፤ የአጽም ክምር ጋሪ እየጎተተ ለዘላለም ቆሟል።

በዚያው ዓመት ሜይ 17 ቀን የፊዚክስ ሊቁ ጀምስ ክላርክ ማክስዌል ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን የመጀመሪያውን ባለቀለም ፎቶ አሳየ። ፎቶ አንሺው ቶማስ ሰተን አንድን የስኮትላንድ ጥብጣብ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ ሦስት ጊዜ አነሳው፤ ሦስቱ ምስሎች በሦስት ፋኖስ ግድግዳ ላይ ሲደራረቡ ጥብጣቡ በቀለሙ ታየ። የማይሆን ነገር ነበር፤ የዘመኑ ሰሌዳ ቀይ ጨርሶ አያይማ! ምስጢሩ የተፈታው ከ100 ዓመት በኋላ ነው። የኮዳክ ተመራማሪዎች ሙከራውን ደግመው ሲያደርጉት፣ ቀይ የመሰለው ማጣሪያ አልትራቫዮሌትንም ያሳልፍ እንደነበር፣ የጥብጣቡ ቀይ ክፍልም አልትራቫዮሌትን እንደሚያንጸባርቅ ተደረሰበት። ሰሌዳው ቀይ ብሎ የመዘገበው ለሰው ዓይን የማይታየውን ጨረር ነበር። የቀለም ፎቶግራፍ ጉዞውን የጀመረው በእንዲህ ያለ የታደለ ስሕተት ነው።

ከዚያ ለሰሌዳው የሚስማማ ሌላ መብራት፣ ማግኒዥየም፣ መጣ፤ በ1864 አልፍሬድ ብራዘርስ የተባለ የማንቸስተር ፎቶ አንሺ የማግኒዥየም ሽቦ አቃጥሎ ዳርቢሸር ውስጥ ያለ ዋሻ አነሳ። በ1873 ደግሞ ሄርማን ፎግል በርሊን ላይ ሰሌዳው ላይ የሚቀባው ኢመልሽን ማቅለሚያ ቢጨመርበት አረንጓዴንም ማየት እንደሚጀምር ደረሰበት። ቀይም ተራ በተራ ተከተለ። ፊልም እንደ ሰው ሁሉንም ቀለም ማየት ሲጀምር ነው የመብራት ቀለም ጣጣ የመጣው።

የመብራትን ቀለም በቁጥር መናገር የተቻለው በበርሊን ነው። ቀጥቃጭ ወናፉን ሲነፋ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ብረቱ መጀመሪያ ይፈማል፣ ቀጥሎ ብርቱካን ይመስላል፣ ከዚያ ቢጫ፣ በመጨረሻም ዓይን እስኪወጋ ይነጣል። ሳይቀልጥ ከዚያም በላይ መጋል ቢችል ኖሮ ወደ ሰማያዊነት ይሄድ ነበር። የጀርመን መንግሥት የመለኪያ ተቋም ይህን ዝምድና በትክክል ለመለካት ያወጣው ገንዘብ ከመብራት ኢንዱስትሪ ፍላጎት ጋር የተያያዘ ነበር፤ የጋዝና የኤሌክትሪክ መብራቶች የሚወዳደሩበት ሚዛን ያስፈልግ ነበርና። እሑድ ኦክቶበር 7 ቀን 1900 ልኬቱን ከሚያካሂዱት አንዱ ሃይንሪክ ሩበንስ የፊዚክስ ሊቁ ማክስ ፕላንክ ቤት ሄዶ አዲሱን ልኬት ነገረው። ፕላንክ በዚያው ሰሞን ከልኬቱ ጋር የሚገጥም ቀመር አወጣ። ዓለም ያንን ቀመር የኳንተም ፊዚክስ መነሻ ብሎ ያስታውሰዋል። ለእኛ ለፎቶ አንሺዎች ደግሞ የቀለም ሙቀት መሠረት ነው። የሻማ ብርሃን ወደ 1,900 ኬልቪን፣ የቤት ውስጥ የክር አምፖል ወደ 2,700፣ የስቱዲዮ ተንግስተን 3,200፣ የቀትር ፀሐይ ወደ 5,500፣ የጥላ ብርሃን ደግሞ 7,000 እና ከዚያ በላይ ነው። ጀማሪዎች የሚደናገሩትም እዚህ ጋ ነው። «ሞቅ ያለ» የምንለው ቢጫ ብርሃን በኬልቪን ሲለካ ቀዝቃዛው ነው፤ «ቀዝቀዝ ያለ» የምንለው ሰማያዊ ግን እጅግ የጋለው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1902፣ ዮሐነስ ፎን ክሪስ የተባለ የፍራይቡርግ ፊዚዮሎጂስት የዓይንን ድርሻ በቀላል ሐሳብ ገለጸው። ዓይን ውስጥ ሦስት ዓይነት ተቀባዮች አሉ፤ ብርሃኑ ቀይ ሲበዛበት ቀዩን የሚቀበለው ክፍል ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ሰማያዊ ሲያንስበት ሰማያዊውን የሚቀበለው ከፍ ያደርጋል። ማለትም እያንዳንዱ በራሱ ቁጥር ይባዛል። ፕላንክ ስለ ብርሃኑ፣ ፎን ክሪስ ስለ ተመልካቹ ነገሩን። ዛሬ ካሜራ ውስጥ ያለው ዋይት ባላንስ የእነዚህ የሁለቱ ጋብቻ ነው፤ ጋብቻው እስኪፈጸም ግን ሌላ ሰባ ዓመት አለፈ።

በመካከሉ ሆሊውድ ከመብራቱ ጋር ተጋጨች። በ1927 ድምፅ ያለው ፊልም ገበያውን ሲያናውጠው፣ እንደ ንብ የሚያጉረመርመው የአርክ መብራት ለማይክሮፎኑ ጠላት ሆነ። ሁሉንም ቀለም የሚያየው ፓንክሮማቲክ ፊልምም በሰፊው እየተለመደ ነበር። ፀጥ ያለው የተንግስተን አምፖል ቀይ የበዛበት ስለሆነ ከዚህ ፊልም ጋር ይስማማል። በ1928 መጀመሪያ የካሜራ ባለሙያዎች ማኅበር፣ የፊልም አካዳሚውና አምራቾቹ ተሰብስበው አዲሶቹን አምፖሎች ለሳምንታት ፈተኗቸው። ጣጣው ሜካፕ ድረስ ደረሰ፤ ለድሮው ፊልም ይቀቡት የነበረው ቅባት በአዲሱ ብርሃን ፊትን እንግዳ ስላደረገው ማክስ ፋክተር በዚያው ዓመት ለፓንክሮማቲክ የሚሆን አዲስ ሜካፕ ሠራ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቢሆንም የመብራቱ ቀለም የተዋናይዋን ጉንጭ ያጠቁራል ወይም ያነጣል።

ባለቀለም ፊልም ሲመጣ መደበቂያ ጠፋ። ሊዮፖልድ ማነስ እና ሊዮፖልድ ጎዶውስኪ የተባሉ ሁለት ሙዚቀኞች ከኮዳክ ጋር የሠሩት ኮዳክሮም በ1935 ለገበያ ቀረበ። ስላይድ ነው፤ የተነሣው ምስል ራሱ ታጥቦ ግድግዳ ላይ ይበራል፣ መሐል ገብቶ የሚያርም ሰው የለም። ለፀሐይ ብርሃን የተመጠነውን ፊልም አምፖል ሥር ያነሳ ሰው ቤተሰቡ በሙሉ ብርቱካን ተቀብቶ ያገኘዋል። መፍትሔው ሁለት ዓይነት ፊልም መሸጥ ነበር፦ አንዱ ለቀን ብርሃን፣ ሌላው 3,400 ኬልቪን ለሆነው የፎቶ አምፖል። ቆየት ብሎ ለ3,200 የሚሆነውም ታከለ። «ነጭ» የሚወሰነው እንግዲህ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት፣ ፊልሙ ሱቅ ውስጥ ሲገዛ ነው። 36 ፎቶ ያለውን ጥቅል የጎረሰ ካሜራ ይዞ ከቤት ወደ ደጅ የወጣ ሰው ያለው ምርጫ ሌንሱ ላይ ባለቀለም ፊልተር መግጠም ነው።

ፊልተሮቹ ስማቸው እንደ መኪና መለዋወጫ ነው፦ 80ኤ፣ 85ቢ፣ 81፣ 82። ሰማያዊው 80ኤ የቀን ፊልምን ለ3,200 አምፖል ያስማማል፣ ብርቱካንማው 85ቢ ደግሞ በተቃራኒው። ስሌቱ የሚሠራው በኬልቪን አይደለም፤ 1,000,000ን ለኬልቪኑ በማካፈል በሚገኘው «ማይርድ» ነው። ከ3,000 ወደ 3,500 ሲኬድ ለውጡ 48 ማይርድ ያህል ሆኖ ዓይን ላይ ይታያል፤ ከ10,000 ወደ 10,500 ግን 5 ብቻ ነው፣ ማንም ልብ አይለውም። 5,500 ማለት 182፣ 3,200 ማለት 313፤ ልዩነቱ 131፤ 80ኤ የሚሸፍነው ይህንኑ ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ይህ ሰማያዊ ፊልተር ከአራት እጅ ብርሃን ሦስቱን ይበላል፤ ያውም ብርሃን በሚያንስበት ቤት ውስጥ! የሲኒማ ሰዎች የተንግስተን ፊልም ይዘው ደጅ ሲወጡ 85 የሚገጥሙት ለዚህ ነው፤ ፀሐይ ላይ ትንሽ ብርሃን ቢጠፋ አይጎዳም።

ይህ ሁሉ ሥርዓት የቆመው መብራት ማለት የጋለ ነገር ነው በሚል እምነት ላይ ነበር። በ1938 ጄኔራል ኤሌክትሪክ የፍሎረሰንት ቱቦ መሸጥ ሲጀምር ያ እምነት ፈረሰ። ፍሎረሰንት አይግልም። ቱቦው ውስጥ ያለው የሜርኩሪ ትነት አልትራቫዮሌት ያመነጫል፣ መስታወቱ ላይ የተቀባው ዱቄት ያንን ወደሚታይ ብርሃን ይለውጠዋል። ከሜርኩሪው ቀጥታ የሚያመልጡ ስለታም መስመሮችም አሉ፤ አንዱ 546 ናኖሜትር ላይ ያለው አረንጓዴ ነው። ዓይን ይህንንም አለፈው፤ ቢሮው፣ ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ ነጭ መስሎ ታየው። ፊልሙ ግን አረንጓዴውን ያዘ። የኬልቪን መስመር ከብርቱካን ወደ ሰማያዊ ብቻ ስለሚሄድ አረንጓዴን የሚያወጣ ቁጥር በውስጡ የለም፤ ሌላ አቅጣጫ፣ ከአረንጓዴ ወደ ማጀንታ የሚሄድ መስመር መጨመር ግድ ሆነ። ዛሬ ካሜራችን ላይ ከሙቀቱ ቀጥሎ «ቲንት» የሚባል ሁለተኛ ማስተካከያ የምናገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

እኛ ቤት ካሉት አልበሞች አንዱ ውስጥ የዘመድ ሠርግ አለ፤ ዲጂታል ከመምጣቱ በፊት የተነሣ። አዳራሹ በቱቦ መብራት የተሞላ ነው፣ ፎቶ አንሺው ደግሞ ፍላሽ ተጠቅሟል። ፍላሹ የደረሰባቸው ሙሽሮች ደህና ናቸው። ከኋላቸው የተቀመጡት እንግዶች፣ አያቴን ጨምሮ፣ የታመሙ ይመስል አረንጓዴ ሆነዋል። ቤተሰቡ ተቆጥቶ ፎቶ ቤቱ እንደገና እንዲያትመው ሲያደርግ አጣቢው አረንጓዴውን ላውጣ ብሎ ሙሽራዋን አቀላት። ሁለቱም ቅጂ አልበሙ ውስጥ ጎን ለጎን አሉ። ልጅ ሆኜ አጣቢውን እወቅሰው ነበር። ሰውየው አንድ ቁልፍ ብቻ እንደነበረው፣ በአንድ ፎቶ ውስጥ ያሉትን ሁለት ብርሃናት በአንድ ቁልፍ ማረም እንደማይቻል የገባኝ እኔም ካሜራ ከያዝኩ በኋላ ነው።

ነጋቲቭ ፊልም ፍርዱን ከካሜራው አንሥቶ ለአታሚው ሰጥቶት ነበር። አታሚው ደግሞ የሚመሳከርበት ነገር ያስፈልገዋል። ኮዳክ ለላቦራቶሪዎች ያሠራጨው ማመሳከሪያ «ሸርሊ ካርድ» ይባላል፤ ስሙ የወጣው በመጀመሪያዎቹ ካርዶች ላይ ከታየችው የኩባንያው ሞዴል ነው። ነጭ ሴት፣ ደማቅ ልብስ፣ አጠገቧ የግራጫና የቀለም ማሳያዎች። የእሷ ቆዳ ካማረ ማሽኑ ተስተካክሏል ማለት ነው። ጥቁርና ጠይም ፊት በዚያ ሚዛን ላይ አልነበረም፤ ፊልሙም ቢሆን የጠይም ቆዳን የቀለም ደረጃዎች በደንብ እንዲይዝ ተብሎ አልተቀመረም። ነጭና ጥቁር ልጆች አብረው በተነሡት የክፍል ፎቶ ላይ የአንዱ ወገን ፊት ጥርስና ዓይን ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። የሚያሳዝነው ፊልሙ እንዲሻሻል ግፊቱ የመጣበት መንገድ ነው፦ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ናቸው፣ ጥቁር ቸኮሌቱን ከወተት ቸኮሌቱ፣ አንዱን እንጨት ከሌላው የሚለይ ፎቶ አጣን ብለው ቅሬታ ያቀረቡት። የተለያየ ቆዳ ያላቸው ሴቶች አብረው የቆሙበት ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ ነው። ዋይት ባላንስን የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አድርገው ለሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ታሪክ ሁልጊዜ አነሣባቸዋለሁ።

1975 እና 1976 ብዙ ነገር የተፈጠረባቸው ዓመታት ናቸው። በ1975 የስታንሊ ኩብሪክ «ባሪ ሊንደን» ወጣ። ኩብሪክና የካሜራ ባለሙያው ጆን አልኮት አንዳንዶቹን ትዕይንቶች በሻማ ብርሃን ብቻ፣ በጣም ሰፊ ቀዳዳ ባለው የዛይስ f/0.7 ሌንስ ቀረጹ። ሻማው 1,900 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ ፊልሙ የተመጠነው ለ3,200። ልዩነቱን አላጠፉትም፤ ፊቶቹ ማር እንደመሰሉ ቀሩ። ይህን ፊልም ሳየው የሚታወሰኝ የትንሣኤ ሌሊት ነው፤ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ጧፍ ይዞ ሲቆም። ያንን ሌሊት አንሥቶ ነጠላውን እንደ ቀትር ያነጣ ፎቶ አንሺ ቁጥሩን በትክክል አግኝቶታል፣ ሌሊቱን ግን አጥፍቶታል። እኔ ከማር ወርቅነቱ ግማሹን ያህል ብቻ እቀንስና እተወዋለሁ።

በዚያው በ1975 መጨረሻ ላይ ስቲቭን ሳሰን የተባለ የኮዳክ መሐንዲስ የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሠራ፤ ጥቁርና ነጭ፣ 100 በ100 ነጥብ፣ አንዱን ምስል ካሴት ላይ ለመጻፍ 23 ሰከንድ የሚፈጅ። የሥራ ባልደረባው ብራይስ ቤየር ደግሞ በ1976 ብርሃን በሚቀበለው ሴንሰር ላይ ትናንሽ ማጣሪያዎችን የሚደረድርበትን መንገድ በፓተንት አስመዘገበ፦ ግማሹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ። በዚያው ዓመት ቀለም የሚመሳከርበት ባለ24 ቀለም የማክቤት ካርድ ይፋ ሆነ። ከነጭ እስከ ጥቁር ስድስት ገለልተኛ ደረጃዎች አሉት፣ ከላይ በኩል ጥግ ላይ የጠይምና የነጣ ሰው ቆዳን የሚወክሉ ሁለት ካሬዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

በቴሌቪዥን ቤት ደግሞ ነገሩ ወረቀት የመያዝ ያህል ቀለለ። ቪዲዮ ካሜራ ብርሃኑን በኤሌክትሪክ ስለሚቀበል ሦስቱን ቀለማት እዚያው ማመጣጠን ይቻላል፤ ረዳቱ ነጭ ወረቀት ይይዛል፣ ካሜራማኑ ወረቀቱን ሞልቶ ቁልፉን ይጫናል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1984 ወደ ቀለም ሲሸጋገር ያ ነጭ ወረቀትም አብሮት ገባ። ዛሬም ድረስ ዜና ሊቀርጽ የወጣ ካሜራማን «ነጭ አሳየኝ» ሲል ይሰማል።

ዲጂታል ካሜራ እጃችን ሲገባ የፎን ክሪስ ሐሳብ ቃል በቃል ሥራ ላይ ዋለ። እንበል አምፖል ሥር ግራጫ ካርድ አነሣሁ፤ ሴንሰሩ ቀይ 240፣ አረንጓዴ 160፣ ሰማያዊ 80 መዘገበ። ግራጫ ከሆነ ሦስቱም እኩል መሆን አለባቸው። ስለዚህ ቀዩን በሁለት ሦስተኛ፣ ሰማያዊውን በ2 ማባዛት ነው፤ በቃ። ሰማያዊው ሲባዛ ግን አብሮት ያለው ኖይዝም ይባዛል፤ ማታ ያነሣነው ፎቶ ጥላው ላይ ሽፍ ያለ የሚመስለው በዚህ ነው። ካርድ በሌለበት ካሜራው ራሱ መገመት አለበት። በ1980 ቡክስባም የተባለ ተመራማሪ ያቀረበው ግምት «የትዕይንቱ አማካይ ግራጫ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ይሠራል። ግድግዳው፣ ምንጣፉና መጋረጃው በሙሉ ቀይ የሆነበት አዳራሽ ሲገጥመው ግን ቀዩን የመብራቱ ጥፋት አድርጎ ይቀንስና ሙሽራዋን ሰማያዊ ያደርጋታል። ከ2003 በኋላ፣ አዶቢ ካሜራው ሳያርመው ያስቀመጠውን ራው ፋይል የሚከፍት ፕሮግራም ለፎቶሾፕ ካወጣ ወዲህ፣ ፍርዱ ከማንሣት በኋላ የሚሰጥና ሺህ ጊዜ የሚከለስ ሆነ። ብዙዎቻችን ከዚያ ወዲህ ሰነፍን፤ በኋላ ይታረማል እያልን መብራቱን ማየት ተውን።

ኤልኢዲ ያንን ስንፍና አጋለጠው። ሰማያዊ ኤልኢዲን የፈጠሩት ሦስት ጃፓን ተወላጆች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ በ2014 ኖቤል ተሸለሙ። ነጩ ኤልኢዲ 450 ናኖሜትር አካባቢ ሰማያዊ የሚያመነጭ ቺፕ ላይ ቢጫ ፎስፈር በመቀባት የሚገኝ ነው። በርካሹ ዓይነት ሰማያዊና ቢጫ መካከል ጉድጓድ አለ፣ ጥልቁ ቀይም ሳስቷል። ካርቶኑ 5,600 ኬልቪን ይላል፣ ውሸትም አይደለም፤ ግራጫ ካርዱም ግራጫ ሆኖ ይወጣል። የሰው ፊት ግን ይሞታል። የጠይም ቆዳ ውበት ያለው ቀዩ ውስጥ ነው፤ መብራቱ ያልሰጠውን ቀይ ማባዛት አያመጣውም። የመብራት ጥራት የሚገለጽበት ሲአርአይ የተሰኘው ቁጥር የሚሰላው በስምንት ፈዘዝ ያሉ ቀለማት ነው፤ ደማቁ ቀይ፣ አር9 የሚባለው፣ ከስሌቱ ውጭ ነው። አምፖል ስገዛ እሱን ለይቼ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

በፌብሩዋሪ 2015 አንድ የቀሚስ ፎቶ ዓለምን ለሁለት ከፈለ። ግማሹ ሰው ነጭና ወርቃማ አየ፣ ግማሹ ሰማያዊና ጥቁር። ቀሚሱ በእውነቱ ሰማያዊና ጥቁር ነበር። በፎቶው ውስጥ መብራቱን የሚያሳብቅ ነገር ስላልነበረ እያንዳንዱ ዓይን የራሱን ግምት ቀነሰ፤ ጥላ ውስጥ ያለ መስሎት ሰማያዊ የቀነሰ ነጭ አየ፣ አምፖል ሥር መስሎት ቢጫ የቀነሰ ሰማያዊ አየ። በዚያው ዓመት «ከረንት ባዮሎጂ» መጽሔት ሦስት ጥናቶችን በአንድ ላይ አወጣ። በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በማለዳ የሚነሡ ሰዎች ነጩን፣ ሲያመሹ የሚኖሩት ሰማያዊውን ወደማየት እንደሚያደሉ አሳየ። ሲያመሽ የኖረ ዓይን የለመደው የአምፖል ብርሃን ነው ማለት ነው። ሞንዥ ቢኖር ይህንን ቀሚስ ከቀይ ወረቀቱ አጠገብ ይሰቅለው ነበር። በ2021 ጉግል ፒክስል 6 ስልኩን ሲያወጣ ስልኩ በተማረባቸው ፎቶዎች ላይ የጠቆረ ቆዳ ያላቸው ሰዎች የተጨመሩበትና «ሪል ቶን» ያለው ማስተካከያ ይዞ መጣ፤ የሸርሊ ካርድ ጉድለት እንግዲህ ስልክ ውስጥ ድረስ ተከትሎን ኖሯል።

ዛሬ የሠርግ አዳራሽ ስገባ አንድ ሰዓት ቀድሜ ነው። በመስኮቱ የቀን ብርሃን ይገባል፣ ጣሪያው ላይ ቢጫ አምፖሎች አሉ፣ መድረኩ ላይ ቀለሙን የሚለዋውጥ ኤልኢዲ፣ ቪዲዮ አንሺው ደግሞ የራሱን ነጭ መብራት ይዟል። ለእነዚህ ሁሉ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። መጋረጃውን አስዘጋለሁ፣ ፍላሼ ላይ ጄል የሚባለውን ብርቱካንማ ስስ ላስቲክ አስሬ ከአምፖሎቹ ጋር አስማማዋለሁ፣ ከዚያ ግራጫዋን ካርድ አወጣለሁ። ከነጠላ ላይ ዋይት ባላንስ አልወስድም። በእጅ የተፈተለ ጥጥ በተፈጥሮው ወደ ክሬም ያደላል፤ በዱቄት ሳሙና ከታጠበ ደግሞ ሳሙናው ውስጥ ያለው ማንጫ አልትራቫዮሌትን ወደ ሰማያዊ እየለወጠ ካሜራውን ያታልላል።

ባለፈው ጊዜ ከሁሉ ቀድመው መጥተው ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት የሙሽራዋ እናት ነበሩ።

«እማማ፣ ይቺን ካርድ አንዴ ፊትዎ አጠገብ ይያዙልኝ።»

«ምንድን ናት ደግሞ ልጄ?»

«ነጠላዎ ፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ ናት።»

ቀና ብለው ቢጫውን አምፖል አላዩም። ዝቅ ብለው ትከሻቸው ላይ ያለውን ጥበብ በእጃቸው ዳሰስ አደረጉት። «ነጠላዬማ ነጭ ነው» አሉኝ፤ ካርዷን ግን ያዙልኝ።